ይቁሙ!

ኦቦ ጃለታ ሰበታን የሚጠሉት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሰበታው ማዕበል የቡራዩን ነጎድጓድ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው በባከነ ሰዓት ጎል ነው። ሁለተኛ፣ አንድ የፊት ጥርሳቸው ሰበታ ቀርቷል። ጥርሱ ከሄደ ወዲህ «ሰበታ» ባሉ ቁጥር ፉጨት አብሮ ይወጣል፤ ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም ይብስባቸዋል።

«አስተክለው እንጂ፣ አባዬ» ትላቸዋለች ልጃቸው ላሊሴ።

«ማስረጃዬን ልድፈን?» ይላሉ።

ቡራዩ ውስጥ ነጎድጓድን እየደገፈ የዚህን ጥርስ ታሪክ ያልሰማ ሰው የለም። ከጨዋታ በኋላ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሲሞላ ደጋፊው የድሮ ፍርሃቱን ያወጣል። አንዱ አጥር ሲዘል ሱሪው አጥሩ ላይ ስለቀረበት ቀን፣ ሌላው ማሊያውን ገልብጦ ለብሶ ለባላንጣው ጎል ስላጨበጨበበት ቀን ያወራል። ያኔ እግሬ አውጪኝ ያለ ሁሉ ዛሬ ይስቃል። በመጨረሻ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ኦቦ ጃለታ ይዞራል።

«ከሜዳው ወጥቼ ብቻዬን እየሄድኩ ነው» ብለው ይጀምራሉ። «ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል ሰማያዊ ለባሽ የማዕበል ደጋፊ መንገዱን ሞልቶታል! ፊት ፊት የሚመጣው ቀጫጫ ዱላ ጨብጧል። ‹ቁም!› ይለኛል። እኔን! የልጄ እኩያ! ‹ቁም!›»

ታሪኩ መጀመሪያ የተወራ ሰሞን አባራሪዎቹ ስምንት ነበሩ። በዓመቱ ሃያ ሆኑ። ዘንድሮ አርባ ሞልተዋል። ላሊሴ ቁጥሩ እንደሚያድግ ታውቃለች፤ አባቷ ወሬ ሲያጣፍጡ እጃቸው ከበድ ይላል። መመታታቸውን ግን ተጠራጥራ አታውቅም። ያን ቀን አፋቸው ደም በደም ሆኖ ሲገቡ ያጠበቻቸው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ማሊያ በምታትምበት ሱቅ ሰማያዊ ቀለም በነካች ቁጥር ደሟ ይፈላ ነበር።

ፍቅር ግን አድራሻ ጠይቆ አይመጣም።

ባለፈው ዓመት ሁለቱ ቡድኖች ቡራዩም ሰበታም ላይ እንዳይጋጠሙ ተባለና ጨዋታው ሱሉልታ ሆነ። ገለልተኛ ሜዳ ነው ተባለ፤ ገለልተኛ የነበረው ግን ሜዳው ብቻ ነው። አንድ ለአንድ ወጡ። ያሸነፈ ስለሌለ ሁለቱም ወገን ተናደደ።

ላሊሴ በግርግሩ ከአባቷና ከጓደኞቿ ተለየች። አረንጓዴ ስካርፏን ጃኬቷ ውስጥ ወሽቃ ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ዘላ ገባች። ከተቀመጠች በኋላ ነው ጎኗ ያለውን ያየችው፦ ሰማያዊ ማሊያ የለበሰ፣ ትልቅ ከበሮ ያቀፈ ወጣት። መውረድ አማራት፤ ነገር ግን ሚኒባሱ ተንቀሳቅሷል።

ብዙም ሳይርቁ መንገዱን የሞሉ የማዕበል ደጋፊዎች አስቆሟቸው። በሩ ተከፈተ። ላብ ያጠመቀው አንድ ጎረምሳ አንገቱን አስገባ።

«የማን ነዎት?» አለ በሩ አጠገብ የተቀመጡትን ሽማግሌ።

«የእግዚአብሔር» አሉ ሽማግሌው።

«አንቺስ? የማን ነሽ?»

ላሊሴ ቁልቁል ስታይ የስካርፏ ጫፍ ከጃኬቷ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ይኼኔ ጎኗ ያለው ልጅ ከበሮውን አንስቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠው። አረንጓዴው ከከበሮው ስር ጠፋ።

«የኔ ናት» አለ።

«ኤልቃና! አንተ ነህ እንዴ?» ጎረምሳው ፊቱ በራ። «መቼ ነው ደግሞ ሰው የያዝከው?»

«በቅርቡ።»

«ይመቻችሁ!» በሩ ተዘጋ።

የእንጦጦን ቁልቁለት ጀመሩ። ከበሮው እንዳለ ጭኗ ላይ ነበር፤ ከባድ ነው፣ ግን መልሰህ ውሰደው ማለት አልፈለገችም።

«ለነገሩ የማንም አይደለሁም» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ‹የቡራዩ ናት› ልበላቸው?»

ሳቋ አመለጣት። እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ መስታወቱ ላይ ግን እያያት ነበር። እሷም በመስታወቱ ውስጥ ስታየው ያዛት። ሁለቱም ዓይናቸውን አልሰበሩም።

ኤልቃና ከወላይታ ሶዶ መጥቶ ሰበታ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ በመካኒክነት የሚሠራ ልጅ ነው። ከበሮ የተማረው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ለማዕበል፣ እሁድ ለጌታ ይመታል። ከሰበታ የሚመጣውና ከቡራዩ የሚመጣው መንገድ መሃል ላይ ጦር ኃይሎች አለ፤ እነሱም እዚያ አንድ ጁስ ቤት መገናኘት ጀመሩ። መጀመሪያ ስለ ኳስ ተከራከሩ። ከዚያ ክርክሩ እያነሰ፣ ዝም ብሎ መቀመጡ እየበዛ ሄደ። ላሊሴ ከሰው ጋር ዝም ብላ መቀመጥ የማትችል ሰው ናት፤ ከእሱ ጋር ግን ቻለች፤ ወደደችውም።

አንድ ቀን የአባቷን ታሪክ አወራችለት። እጇን እንደሳቸው እያወናጨፈች፣ ፉጨቱን እንኳ ሳታስቀር። ኤልቃና እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ፊት ፊት የሚመጣው ቀጫጫ ዱላ ጨብጦ ‹ቁም! ቁም!› እያለ…» ስትል ግን ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ኮፍያቸው ግራጫ ነበር?» አላት።

«የቱ ኮፍያ?»

«የወደቀባቸው።»

ላሊሴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። በአባቷ ታሪክ ውስጥ ኮፍያ የሚባል ነገር የለም። ግን ያን ቀን ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ነበር የገቡት።

«ላሊ፣ ቀጫጫው እኔ ነኝ» አለ ኤልቃና። «ብቻዬን ነበርኩ። ሜዳው በር ላይ ኮፍያቸው ሲወድቅ አየሁና አንስቼ ተከተልኳቸው። በአንድ እጄ ኮፍያውን፣ በአንዱ የከበሮ መምቻዬን ይዤ። ‹አባባ፣ ይቁሙ! ይቁሙ!› ነበር የምለው። ዞረው አዩኝና ሮጡ። እንደዚያ የሚሮጥ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ወደቁ።»

«ቦይ?»

«ጉልበት የማይደርስ ቦይ። ላነሳቸው ስል የናንተ ሰዎች እየጮሁ መጡ። ‹መታቸው› ብለው ይገድሉኛል ብዬ ኮፍያውን አንድ ሱቅ በር ላይ ሰቀልኩና ሮጥኩ። እስከ ቤቴ ድረስ ነው የሮጥኩት።»

ላሊሴ መሳቅም ማልቀስም አማራት። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ከተማ ስጠላ!» አለች። «በቃ፣ ትነግራቸዋለህ። ካልነገርካቸው ለሰበታ ልጅ አይሰጡኝም።»

«አልነግራቸውም።»

«ለምን?»

«ምን ብዬ? ‹አባባ፣ የሮጡት ከአንድ ልጅና ከገዛ ኮፍያዎ ነው› ልበላቸው? ከዚያ በኋላ ዲኤስቲቪ ቤት እንዴት ይገባሉ?»

ተናዳ ተነሳች። ቤቷ ስትደርስ አባቷ ለጎረቤት ያንኑ ታሪክ እያወሩ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ሰማቻቸው። እውነቱን አሁኑኑ ልታፈርጠው አሰበች። ግን አባቷ «‹ቁም!› ይለኛል» ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሁልጊዜም እዚያ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ለማጣፈጥ ይመስላት ነበር። ለካ የምር ፈርተው ኖሯል። ወደ ጓዳ ገብታ ለኤልቃና ደወለች።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው። «የሚሆነውን እናያለን።»

የኤልቃና ሽማግሌዎች በፓስተር መልከጼዴቅ መሪነት መጡ። ኦቦ ጃለታ በጨዋ ደንብ ተቀበሏቸው፤ «አካም ጅርቱ?» ብለው፣ አስቀምጠው፣ በጥሞና ሰሟቸው። ልጁ የሰበታ መሆኑ ሲነገር ብቻ ፉጨቱ አመለጣቸው። «ሰበታ?» አሉ። «ልጁን አምጡት። ፊቱን ልየው።»

ሙሽራ ለሽምግልና አይመጣም፤ ይህ ግን የልጅቷ አባት ትዕዛዝ ነውና በሳምንቱ ኤልቃና በተውሶ ኮት መጣ። ከኦቦ ጃለታ ጎን የልብ ወዳጃቸው ኦቦ ሊቤ ተቀምጠዋል፤ ነጎድጓድን አብረዋቸው የሚደግፉ፣ የጥርሱን ታሪክ ከማንም በላይ የሰሙ ሰው ናቸው። ላሊሴ ለስላሳ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። መግባት አቃታት።

ኦቦ ጃለታ ኤልቃናን አዩት። አይተው፣ ደግመው አዩት። ላሊሴ የአባቷ እጅ ጉልበታቸው ላይ ሲጨበጥ አየች። አወቁት።

«የነጎድጓድና የማዕበል ጊዜ፣ ጥርሴን ያጣሁ ቀን፣ ሜዳው ነበርክ?»

«ነበርኩ፣ ኦቦ።»

«ከኋላዬ ስትመጡ… አንተም ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

ኦቦ ጃለታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስንት ነበራችሁ?»

ላሊሴ ትሪውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ብቻዬን ነበርኩ» ካለ አባቷ በወዳጃቸውና በእንግዳ ፊት መሳቂያ ይሆናሉ። «ብዙ ነበርን» ካለ ደግሞ እሱ ሽማግሌ በመንጋ ያሳደደ ወሮበላ ይሆናል፤ እሷም ለእንዲህ ዓይነት ሰው አትሰጥም። ኤልቃና ወደ እሷ አላየም። ኦቦ ጃለታን ነበር የሚያየው።

«ብዙ ነበርን» አለ።

ፓስተር መልከጼዴቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኦቦ ሊቤ ብድግ አሉ። «ታዲያ ምን ሊያደርግ እዚህ ይመጣል? ጥርሱን ያወለቁትን ሰውዬ ልጁን ደግሞ ሊወስድ?»

«ተቀመጥ፣ ሊቤ» አሉ ኦቦ ጃለታ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ምን እያልክ ነበር የምትከተለኝ?»

«‹ይቁሙ› እያልኩ ነበር፣ ኦቦ።»

«‹ቁም› አይደለም?»

«‹ይቁሙ› ነው።»

ኦቦ ጃለታ አቀረቀሩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቧል። ላሊሴ ያኔ ገባት፦ አባቷ ያውቁ ነበር። ሰምተዋል። አንድ ብቻውን የሆነ ልጅ ኮፍያ ይዞ በአንቱታ ሲጣራ ሰምተው ነው የሮጡት፤ እግራቸው ከጆሯቸው ስለቀደመ ብቻ። ከዚያ በኋላ ያን አንድ ልጅ ለመሸፈን ሰው ላይ ሰው ሲጨምሩ ኖሩ። አሁን ልጁ ራሱ መጥቶ ሸፈነላቸው።

«ስሙ» አሉ ኦቦ ጃለታ፣ ድምፃቸው ሙሉ ሆኖ። «አርባ ሰው ነው ‹ቁም!› ያለኝ። አርባ! ከዚያ ሁሉ ዱርዬ መሃል አንድ ብቻ ‹ይቁሙ› ብሎኛል። በዚያ ግርግር፣ በዚያ ጩኸት፣ አንቱ ብሎኛል! ይህ የማን ልጅ ይሆን እያልኩ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። እነሆ ቤቴ ድረስ መጣ። በጠብ ቀን አንቱታ ያልጠፋበት ልጅ ለልጄ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

ኦቦ ሊቤ ግራ ገባቸው። «ቆይ እንጂ፣ ቀጫጫው አይደል እንዴ በዱላ የመታህ?»

«ማን መታኝ አለ? ገደል ገብቼ ነው!»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስታወራ አንድ ቀን ገደል ብለህ ታውቃለህ?»

«አንተ መቼ ታስጨርሰኛለህ? ሁልጊዜ እያቋረጥከኝ!»

ፓስተር መልከጼዴቅ ሳቃቸውን ጸሎት አስመስለው አሳለፉት። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ተሳሳሙ። ላሊሴ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ግቢው ወጣች፤ እዚያው ብትቆይ በሰው ፊት ማልቀሷ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ኤልቃና ተከትሏት መጣ።

«ጴንጤ ሆነህ፣ ፓስተርህ አጠገብ ቁጭ ብለህ ትዋሻለህ?» አለችው።

«መቼ ዋሸሁ?»

«‹ብዙ ነበርን› አላልክም?»

«የሮጡት እሳቸው ናቸው፣ ላሊ። ከኋላ ስንት እንደነበርን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እኔም ያን ቀን ስሮጥ ከኋላዬ የነበሩት የቡራዩ ሰዎች መቶ ይሆኑ ነበር።»

«ስንት ነበሩ?»

«ዞሬ አላየሁም።»

ላሊሴ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ እያየ፣ እጁን ያዘች። «እወድሃለሁ» አለችው። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

ከቤት ውስጥ የኦቦ ጃለታ ድምፅ ተሰማ። «ና! ና እንጂ፣ የት ሄደ ይህ ልጅ? ሊቤ አላምንም እያለኝ ነው። ና ንገረው፣ ያ የገባሁበት ገደል ምን ያህል ነበር?»

ኤልቃና ላሊሴን አየ፤ ላሊሴም አየችው። ጉልበቱን በእጁ ለካላት፤ ከጉልበቱም ዝቅ አድርጎ አሳያት። እሷ አፏን በመዳፏ ይዛ በትከሻዋ ወደ በሩ ገፋችው።

«መጣሁ፣ አባባ!» አለ ኤልቃና፣ ኮቱን እያስተካከለ። «ኧረ በጣም ጥልቅ ነበር!»