የነገ ጠዋት ስምሪት

የሞደሙ ቀይ መብራት እንደበራ ነበር።

ፌንጣ ይህን ያየችው ጣቷ ቁልፉን ከተጫነ በኋላ ነው። ስክሪኑ «ሁሉም ይጥፋ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠይቋት፣ እሷም እንደ ልማዷ ሳታነብ «አዎ» ብላዋለች። ከስልኩ አጠገብ የክብሪት ራስ የምታህለው መብራት ፍጥጥ ብላ ታያታለች።

«እማዬ መስመሩን አልዘጋችውም!» አለች ጮክ ብላ። የሚሰማት ግን አልነበረም።

እናቷ የአውቶብስ ድርጅት የስምሪት ሠራተኛ ናት፤ የትኛው ሹፌር በየትኛው አውቶብስ ወዴት እንደሚሄድ የምትመድበው እሷ ናት። እግሯ ተሰብሮ በጀሶ ከታሰረ ወዲህ መሥሪያ ቤቷ ይህን ኮምፒዩተር፣ ከስልክ መስመር ጋር ከሚያገናኘው ሞደም ጋር፣ ቤቷ ድረስ ልኮላታል። የተርሚናል ፕሮግራሙን ከፍታ በስልክ ስታስደውለው፣ የቤቱ ኮምፒዩተር የራሱን ሥራ ይተውና የድርጅቱ ትልቅ ማሽን መስኮት ይሆናል። «ጣትሽ ያለው እዚህ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን እዚያ ነው» ብላት ነበር። «ስለዚህ እንዳትነኪው። አንድ ቀን ጉድ ታፈይብኛለሽ!»

ዛሬ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳት ባለታክሲ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው፣ እናቷ ክራንቿን እየፈለገች፣ «ምድጃውን እዪ፣ ለማንም እንዳትከፍቺ» እያለች ተጣድፋ ወጣች። መስመሩን ረሳችው። ፌንጣ ደግሞ አንድ ቦታ መርጋት አታውቅም፤ ቅጽል ስሟም የወጣላት በዚሁ ነው። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ተቀመጠችበት። የትምህርት ቤት ድርሰቷን ልትጽፍ ፈልጋ፣ ፍሎፒ ዲስኳ ስለሞላ የድሮ የትየባ ልምምዷን ልታጠፋ አሰበች። ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ፊደል፤ የሁለቱም ማሽኖች መልክ አንድ ነው፤ የማጥፊያው ትእዛዝም አንድ ነው። ያጠፋችው ግን የራሷን ልምምድ አልነበረም። የነገ ጠዋትን ስምሪት ነው።

«ተበላሁ!»

መስመሩን ለመቁረጥ የስልኩን ገመድ ከሞደሙ ነቅላ ስልኩ ላይ ሰካችው። ወዲያው ጮኸ።

«ምን ሆናችሁ ነው መስመሩን የያዛችሁት? እናትሽን አገናኚኝ!» የስምሪት ኃላፊው ነበሩ።

«ሐኪም ቤት ሄዳለች፣ ጋሼ።»

«ስትመጣ ንገሪያት፤ የነገው ስምሪት ሳናትመው ከማሽኑ ጠፍቷል። ያጠፋችው ይህቺ አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ናት! ባለፈውም ወረቀት አበላሽታብኛለች። ዛሬ አሰናብታታለሁ!»

ከበስተኋላቸው ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ «እኔ አልነካሁም! በእናቴ ሞት አልነካሁም!»

ፌንጣ አፏን ከፈተች። ስልኩ ተዘጋ።

ተነሣች። መስኮቱ ጋ ሄዳ ተመለሰች። ቁጭ አለች፤ እንደገና ተነሣች። ኮምፒዩተሩን ብታጠፋው ማን ያውቃል? መስመሩ እንደሆነ በየጊዜው ይቆረጣል፤ እናቷም ስትረግመው ነው የምትውለው። እጇን ወደ ማጥፊያው ላከች።

ጣቷ እዚያው እንዳለ አንድ ነገር ትዝ አላት። ፕሮግራሙ ያለፈውን ጽሑፍ ቶሎ አይጥልም፤ እናቷ ያመለጣትን ለማየት ስክሪኑን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ፌንጣም መለሰችው። መጀመሪያ የራሷ የማጥፊያ ትእዛዝ መጣ። ከእሱ በላይ ግን የሹፌሮች ስም፣ የአውቶብስ ቁጥር፣ መነሻ ሰዓት፤ እናቷ ከመውጣቷ በፊት ስታየው የነበረው ስምሪት በሙሉ እዚያው ነበር። ኮምፒዩተሩ ከጠፋ እሱም ይጠፋል።

ስሞቹን ገልብጣ ብታጠፋውስ? «ከየት አገኘሽው?» ሲሏት ምን ልትል ነው? ካላተረፈችው ደግሞ ነገ ሹፌሮቹ ግቢ ውስጥ ይተራመሳሉ፣ ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ በሽተኛው ሐኪም ቤት ሳይደርስ... ያቺም አዲሷ ልጅ ተባራ ለእናቷ ምን ልትላት ነው?

የክራንች ድምፅ ደረጃው ላይ ተሰማ። ፌንጣ እጇን ከማጥፊያው አነሳች።

«ምድጃውን አየሽው?» አለች እናቷ ገና በሩን ስታልፍ። ከዚያ የልጇን ፊት አየች። «ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ነይ እዪ፣ እማዬ። ስምሪቱን አጥፍቼዋለሁ። ጋሼ ደግሞ አዲሷን ልጅ ሊያባርሯት ነው።»

እናቷ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች። «መስመሩን ከፍቼ ነው የወጣሁት» አለች በመጨረሻ። «አንቺን እደርስብሻለሁ። ስልኩን አቀብዪኝ።»

ደወለች። «ጋሼ፣ ልጅቷን ይተዉአት። ከእኔ ቤት ነው የጠፋው። መስመሩን ሳልዘጋ...»

ፌንጣ እጇን ዘረጋች። እናቷ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። የፌንጣ እጅ ግን አልታጠፈም። ኋላ እናቷ ስልኩን ለቀቀችላት።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አዲሷ ልጅ አልነካችውም።»

«ልጅቷ እያለቀሰች ሄዳለች» አሉ ኃላፊው። «ስምሪቱስ?»

«አግኝተነዋል። አሁን እንልካለን።»

አዲስ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር የቆየው እየተገፋ ስለሚጠፋ፣ መጀመሪያ ስሞቹን በሙሉ ወረቀት ላይ ገለበጡ። ከዚያ ገመዱን ወደ ሞደሙ መልሰው መስመሩን ከፈቱ፤ ቀዩ መብራት በራ። እናቷ ጀሶዋን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ታነባለች፣ ፌንጣ ትጽፋለች።

«ቀስ በይ! ባለመነጽሩን ሹፌር ሁለት አውቶብስ አስነዳሽው።»

ሲጨርሱ ፌንጣ መስመሩን ራሷ ዘጋች። መብራቱ መጥፋቱን ጎንበስ ብላ አየች።

«አዲሷ ልጅ ነገ ስንት ሰዓት ትገባለች?»

«ከመጣች ነው። አውቶብሶቹ ሳይወጡ ትደርሳለች።»

«ከትምህርት ቤት በፊት ሄጄ አገኛታለሁ። ካልመጣችም ቤቷን እጠይቃለሁ።»

«በዚያ ጨለማ? ውሻው፣ ሌባው፣ መንገዱ...» ሌላም ልትጨምር ነበር፤ ተወችው። «በመጀመሪያው አውቶብስ ሂጂ። ሹፌሩ ማን እንደሆነ አሁን ጽፈሽዋል።»

ክራንቿን አንስታ ወደ በሩ አነከሰች። ቁልፉን አዞረች፣ እጀታውን ሳበች፣ እንደ ሁልጊዜው ድጋሚ ሳበችው። ሌላ ጊዜ ቁልፉን ነቅላ ትራሷ ሥር ነው የምትከተው። ዛሬ በሩ ላይ እንደተሰካ ተወችው።