ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር

ድንጋይ ጠራቢዋ መሮዋን ከመቃብር ድንጋዩ ላይ ሳታነሳ አጎቷ በወርክሾፑ በር ገብቶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ሌላ ጊዜ ገና ደጅ ሳለ ነበር ቀልድ የሚጀምረው።

«ምነው ጋሼ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አታሟርቺ። አባትሽ ሬዲዮውን አይመልስም። ላይኛው አገር ሰማዩ ተቀድዷል አሉ፤ ዝናቡ አላባራም። ሸለቆው ውስጥ ያሉትን ዘበኞች ሁሉ አውጥተዋል። እሱ ብቻ ቀርቷል።»

መዶሻዋን አስቀመጠች። በድንጋይ ዱቄት የነጣ እጇን በሽርጧ ጠረገችው፤ የጠራ ግን አይመስልም፤ ደግማ ጠረገችው።

አባቷ የጽሑፉ አለት ዘበኛ ነው። አለቱን የማያውቅ የለም። በቴምብር ላይ አለ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ላይ አለ፣ በሳሙና ካርቶን ላይ ሳይቀር አለ። ከጥልቁ ሸለቆ መታጠፊያ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀይ ገደል ነው፤ ወገቡ ላይ ክንድ ክንድ የሚያካክሉ ፊደላት ተቆፍረውበታል። ማን እንደቆፈራቸው አይታወቅም። የሚሉት ግን ይታወቃል፤ «ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር። ያየህ ሁሉ ከዚህ በላይ ውጣ።» ጎብኚዎች ያነቡና ይስቃሉ፤ ወንዙ ከፊደላቱ ሥር እጅግ ርቆ፣ እንደ ወደቀ ክር ቀጥኖ ነው የሚታየው።

ለእሷ ግን አለቱ የእንጀራ እናቷ ነበር። «አባትሽ ድንጋይ አግብቷል» ትል ነበር እናቷ በሕይወት ሳለች። አባትዬው አልፎ አልፎ ይመጣና ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ሰው ስሙን ይጭርበታል፣ ቶሎ ልመለስ» ብሎ ይሄዳል። እናቷን በቀበሩ ማግስት እንኳ እንዲሁ ብሎ ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም።

«እሱ እንደሆነ ለድንጋዩ ይሙትለት» አለች።

አጎቷ ባርኔጣውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረው።

«ገመድ አለህ?» አለችው።

«አለኝ። መሮዎችሽንም ያዢ። ገደሉ ላይ ገመድ የሚታሰርበት ብረት ሳያስፈልገን አይቀርም።»

የጭነት መኪናው እነሱንና የአጎቷን በቅሎ መንገዱ እስከሚያልቅበት አድርሶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ እሾህና ጠጠር ነው። አጎቷን ሰው ሁሉ «ፈጣኑ» ነው የሚለው፤ ስሙ የወጣለት በቀርፋፋነቱ ነበር። ዛሬ ግን የበቅሎዋን ልጓም ይዞ በሩጫ ይራመዳል። ከሁሉም ነገር ይበልጥ ያስፈራት ይሄ ነው።

ነፋሱ ሜዳው መሃል ላይ ያዛቸው። መጀመሪያ ጠጠሩ በምድር ላይ ተንከባለለ፤ ቀጥሎ አድማሱ ጠፋ፤ ቀጥሎ አጎቷ ጠፋ። አቧራው እንደ ግድግዳ መጥቶ ደረታቸውን መታው። በቅሎዋን በመከራ አስተኝተው ሆዷ ሥር ተለጠፉ። ጠራቢዋ ሻሿን በውሃ ነክራ አፏ ላይ ጠመጠመች፤ ጥርሷ ሥር ግን አሸዋው መንኮሻኮሹን አልተወም።

ጸጥ ሲል ከአቧራው ውስጥ ድምፅ መጣ።

«አለሽ?»

«አለሁ። አንተስ?»

«ግማሼን ወስዶታል። የቀረው ግን ይራመዳል።»

ተነስተው ወደ ላይኛው አገር ተመለከቱ። እዚያ፣ በተራሮቹ ጀርባ፣ ደመናው እንደ ጠቆረ ቁስል ተኝቷል። ነጎድጓድ አይሰማም። ወፍ አይንጫጫም። ሁለቱም እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ወንዙን በሚሻገሩበት መልካ ላይ ውሃው ገና ጉልበት አይደርስም፤ ቀለሙ ግን ተለውጧል። እንደ ሸክላ አፈር ቀልቶ፣ ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል ተሸክሞ ይወርዳል። አጎቷ ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ።

«ይሄ እዚህ አይበቅልም። ከተራራው ነው የመጣው። ቶሎ በይ።»

መሃሉ ላይ ሲደርሱ በቅሎዋ ጆሮዋን ቀስራ ቆመች። አጎቷ ጎተታት፤ እምቢ አለች። ጠራቢዋ ከበቅሎዋ ጎን ግንድ የመሰለ ነገር አየች፤ ግንዱ ከወራጁ ተቃራኒ ይዋኛል።

«ጋሼ! አዞ!»

ውሃው ፈነዳ። አዞው የበቅሎዋን ጭን ይዞ ተገለበጠ፤ በቅሎዋ እንደ ሰው ጮኸች። ልጓሙ በአጎቷ እጅ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር እሱም አብሮ ተጎተተ።

«ልቀቃት!»

«ውሃችን ጀርባዋ ላይ ነው!»

«ልቀቃት አልኩህ!»

በኮሌታው ይዛው ወደኋላ ተወረወረች። ልጓሙ የእጁን ቆዳ ልጦ አመለጠ። እየተንፏቀቁ ዳር ወጥተው ሲዞሩ፣ በመልካው ላይ የቀረው ቀይ አረፋ ብቻ ነው። ስንቁም ውሃውም ሄደ። የቀራቸው በትከሻዋ ያንጠለጠለችው ገመድና ወገቧ ላይ ያለው የመሮና የመዶሻ ቀበቶ ነው።

«ከሚስቴ ይልቅ እሷ ነበረች የምታዳምጠኝ» አለ አጎቷ። ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ ዓይኑን ግን ከአረፋው ላይ አልነቀለም። ሻሿን ቀድዳ እጁን አሰረችለት።

ሸለቆው አፍ ሲደርሱ አንድ ድምፅ ተቀበላቸው። ልትስተው የማትችለው ድምፅ ነው፤ ብረት ድንጋይ ሲበላ። ጎንበስ ብለው ተጠግተው ከቁጥቋጦ ጀርባ ቀና አሉ። ከአለቱ ወገብ ላይ፣ ፊደላቱ ሥር ካለው ጠባብ ደረጃ ላይ፣ መነጽር ያጠለቀ ግዙፍ ሰውዬ በሞተር መጋዝ የመጀመሪያውን ቃል ዙሪያ ይቆርጣል። ታች ወንዙ ዳር ደግሞ አንድ ጢማም ሰው ለመጋዙ ማቀዝቀዣ ውሃ በጀሪካን ይቀዳል።

«ሌቦች ናቸው» አለ አጎቷ። «ቃሉን ነቅለው ሊሸጡት ነው።»

እሷ ግን የምታየው የአባቷን ጎጆ ነበር። በገደሉ ግርጌ፣ በሩ ከውጭ ተቆልፏል።

በድንጋዮች መሃል እየተሳበች ደረሰች። መሮዋን ቁልፉ ቀለበት ውስጥ አስገብታ፣ መጋዙ በጮኸ ቁጥር በመዶሻው መታችው። ተሰበረ። ውስጥ፣ ከተሰባበረው ሬዲዮ አጠገብ፣ አባቷ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጧል። ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት አጨነቆረ።

«ስንት ፊደል ወሰዱ?» አለ።

ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ!

«እንዴት ነሽ አይባልም?»

ድምፅዋን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «አንቺ ነሽ? አንቺ… በምን መጣሽ? ማን ላከሽ?» ክንዷን ይዞ ሊነሳ ሲል ድንገት ተገታና መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። እሷም ነካችው። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

«መጣ» አለ አባቷ።

እሷና ተከትሏት የገባው አጎቷ በቀኝና በግራ ደግፈውት ወጡ። ወደ ፊደላቱ የሚያወጣው ከገደሉ ላይ የተፈለፈለ ደረጃ ነው፤ ለአንድ ሰው እንጂ ለሦስት አይሆንም። አጎቷ ከፊት ሆኖ ጎተተው፤ እሷ ከኋላ በትከሻዋ ገፋችው። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ባለ መነጽሩ ከላይ ሽጉጥ ይዞ ቆሟል።

«ወደ ቤቱ መልሱት!»

አባቷ እያለከለከ ቀና አለ። «አንተ ሰው፣ እየቆረጥከው ሳለ እንኳ አላነበብከውም?»

ሰውዬው ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ግን ዓይኑ ከእነሱ ጀርባ የሆነ ነገር ላይ ተተክሎ ቀረ። ጠራቢዋ ዞረች። ከሸለቆው መታጠፊያ ቡናማ ውሃ ከነዛፉ፣ ከነአለቱ፣ እየተገለባበጠ ይመጣል። ከታች ጢማሙ ጀሪካኑን ጥሎ ወደ ደረጃው ሮጠ። ደረሰ፤ ሁለት እርከን ወጣ፤ ውሃው እግሩን ጠለፈው።

«ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ ባለ መነጽሩ። ሽጉጡ ከእጁ ወድቆ ጠፋ።

ማሰቢያ ጊዜ አልነበረም። ስንጥቅ ፈልጋ መሮ ቀረቀረችና መታችው፤ ገመዱን አስራ ወረወረችለት። ጢማሙ አንዴ ሳተው። ደግማ ወረወረች። ክንዱ ላይ ተጠመጠመ። ባለ መነጽሩ በእነሱ ላይ ተሻግሮ ወርዶ ገመዱን አብሯት ያዘ፤ ሌባና ባለ ቤት ሳይባባሉ ጎተቱ። ጢማሙ ጭቃ እያስመለሰ ወጣ።

አምስቱም ፊደላቱ ሥር ደርሰው ተደገፉ። አባቷ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ቃሉ ገና አልተነቀለም።

«እዚህ ምንም አንሆንም» አለ። «ከዚህ አላለፈም። ተጽፏል።»

ውሃው ግን ይጨምራል። የታችኛው እርከን ጠፋ። ቀጥሎ ያለውም ጠፋ። ጎጆው ተነስቶ፣ አንዴ እንደ ሳጥን ዞሮ ተበታተነ። ሁሉም ዓይናቸውን ከራሳቸው እግርና ከውሃው መሃል ባለችው ደረቅ ድንጋይ ላይ ተክለዋል፤ ድንጋይዋ ትጠባለች።

በዚህ መሃል ከጎናቸው ካለው ስንጥቅ ነብር ወጣ። ጸጉሩ በውሃ ተጣብቆ አጥንቱ ይታያል። ነብሩ ቢጫ ዓይኑን በአምስቱም ላይ አሳለፈ፤ ጆሮውን አስተኝቶ አንዴ አገሳ። ከዚያም እንደ ድንጋይ ቆጥሯቸው አልፎ ዘለለ፤ ከፊደላቱ በላይ ወዳለው ጫፍ ተንጠለጠለ፣ ቧጥጦ ወጣ፣ ደግሞ ዘለለ። አልቆመም።

«እሱ ማንበብ አይችልማ» አለ አጎቷ፤ በራሱ ቀልድ ግን አልሳቀም።

ጠራቢዋ ነብሩ የጠፋበትን ቦታ አየች።

«አባዬ፣ ተነስ።»

«አያልፍም እኮ ነው የምልሽ…»

«ጽሑፉ ራሱ ከዚህ በላይ ውጣ ይላል፤ ደርሶ ነበር የሚለውም ያኔ የሆነውን ነው። ዛሬን የጻፈ የለም። ተነስ!»

«አልሄድም። እድሜዬን እዚሁ ነው የፈጀሁት።» ከፊደላቱ አንዱ ውስጥ እጁን እስከ አንጓው ከቶ ያዘ። «እናንተ ውጡ።»

ውሃው ጫማቸውን ነካ። ፊቱ ላይ ጎንበስ አለች።

«እናቴን ቀብረህ ወደዚህ ስትመጣ ዝም አልኩህ። ዛሬ ዝም አልልህም። ሁለታችሁንም ከምቀብር ውሃው ድንጋዩን ብቻውን ይውሰደው። እጅህን አውጣ!»

አያት፤ ብዙ ጊዜ እንዳላያት ሰው አያት። ከዚያ እጁን አወጣ።

መጀመሪያ እሷ ወጣች። ነብሩ የቧጠጠበትን እየተከተለች፣ መሮ እየተከለች፣ ገመዱን እያሰረች። ሁለቱ ወንድማማች ሌቦች አባቷን ከታች በትከሻቸው ገፉት፤ አጎቷ በቆሰለ እጁ ከላይ ሳበው። አንዱ መሮ ተነቅሎ ወደቀ፤ ባለ መነጽሩ ተንሸራቶ በጥፍሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። ከበታቻቸው ፊደላቱ አንድ በአንድ ሰመጡ። የመጨረሻው ሲገባ አባቷ ዓይኑን ጨፈነ።

አንዲት ጠባብ ጠርዝ ላይ ተጣበቁ። ነብሩ በሌላኛው ጫፍ ተኝቷል። እነሱም አልተጠጉትም፣ እሱም አልተጠጋቸውም። ያ ሌሊት እንዴት እንደነጋ ኋላም ቢሆን ማንም በቅጡ አላወራውም።

ሲነጋ ነብሩ የለም። ውሃው ወርዷል፤ ፊደላቱ ጭቃ ለብሰው ተመልሰዋል። ከፊደላቱ በላይ፣ የሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ፣ ውሃው የተወው ጥቁር መስመር በገደሉ ላይ ተሰምሯል። አባቷ ያንን መስመር ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ።

«መሮ ተርፎሻል?»

«አንድ።»

«እንግዲያው ጻፊበት።»

የሰማችውን አላመነችም። ይህ ሰው ጎብኚ በጥፍሩ ቢጭር በድንጋይ የሚያባርር ሰው ነው።

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን። አታስረዝሚው።»

ባለ መነጽሩ ሳይጠየቅ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ያዘላት። ተንጠልጥላ ቀረጸች። እጇ ዝሎ ስለነበር ፊደላቱ ተጣመሙ፤ ለመቃብር ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ደንበኛ ይመልስባት ነበር። «ዛሬ ከዚያ አልፎ እዚህ ደረሰ። አንተም ከዚህ አትቁም።» አጎቷ ነብሩም እንዲጠቀስ ለመናት፤ ጢማሙ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ስምሽንስ?» አለ አባቷ።

«ስም የጫረውን ሁሉ ስታባርር አልነበር?»

«ነበር» አለና አንገቱን ደፋ።

ሲወርዱ ጢማሙ አባቷን አዘለው። ባለ መነጽሩ ከፊት ሄደ፤ ለፖሊስ እንደሚያስረክቡት ያውቃል፤ ለማምለጥም አልሞከረም። ጠራቢዋ ከአባቷ ጎን ሆና ያበጠው እግሩ ከድንጋይ እንዳይጋጭ ይዛለት ትራመዳለች።

«እቤትሽ ደረጃ አለው?» ሲል ጠየቃት።

«የለውም።»

«ደግ። ጉልበቴ ደረጃ አይችልም።»

የሸለቆው አፍ ላይ ሲደርሱ አለቱን ዞሮ ያያል ብላ ጠበቀች። አላየም። ዞራ ያየችው እሷ ነበረች።