የእሁድ ጥራጊ

መርማሪው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ከመጋረጃ ጀርባ የሰማው ክርክር ነበር። እናቱ የተሰበረ ጉትቻዋን ልታሠራ አንድ ወርቅ ቤት ይዛው ገብታ፣ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ እግሩን እያወዛወዘ ሲጠብቃት፣ ከውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ይጨቃጨቃሉ።

«ሁለት የሞቱ ኮከቦች ናቸው እኮ የምልህ» ይላል ቀጭኑ የታናሽየው ድምፅ። «አንዱ ባንዱ ዙሪያ ሲሽከረከሩ ኖረው፣ ኖረው…»

«ከሞቱ እንዴት ይሽከረከራሉ?»

«ይሽከረከራሉ። በመጨረሻ ይላተማሉ። ይሄ እጅህ ላይ ያለው ወርቅ ያኔ ነው የተሠራው።»

«አንተ ቆመህ ታይ ነበር? ይልቅ እግርህን አንሳ፣ ወለሉን…»

ከዚያ ወዲያ ያለው ከአእምሮው ጠፍቷል። ስለ ወለሉ አንድ ነገር ተብሎ ታላቅየው መቆጣቱን ብቻ ያስታውሳል። አርባ ዓመት አልፎ፣ በአንድ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው ወርቅ ቤት ሬሳ አለ ተብሎ ሲጠራ፣ ቤቱን ያወቀው በአግዳሚ ወንበሩ ነበር።

የሞተው ታናሽየው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፊዚክስ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስትም ልጅም የሌለው፣ ሰፈሩ በሙሉ «መምህሩ» የሚለው ሰው። የሚኖረው ከወንድሙ ወርቅ መሥሪያ በስተኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ ሁለት በር አላት፤ አንዱ ወደ ግቢው፣ ሌላው ወደ መሥሪያው ያስወጣል። መምህሩ አልጋው ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ጫማው እግሩ ላይ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ። ሰው አስተካክሎ ያስተኛው ይመስላል። የሱሪው አንድ ኪስ ግን ተገልብጦ እንደ ውሻ ምላስ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። በአገጩ ላይ ደርቆ የቀረውን ነገር ማየት ያንገሸግሻል።

«መርዝ ነው» አለ ሐኪሙ። «የሚገርመው እሱ አይደለም። አፉን ስከፍት ምላሱ ሥር ይህን አገኘሁ።» በወረቀት ላይ አንዲት የወርቅ ጥርስ አሳየው። «የሟቹ ጥርሶች ሠላሳ ሁለቱም በየቦታቸው ናቸው። የሰው ጥርስ ነው አፉ ውስጥ ይዞ የሞተው።»

የጣቢያው አዛዥ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «ነገሩ ግልጽ ነው። በየእሁዱ ጠዋት ወተት የምታመጣለት የወንድሙ ልጅ ናት። ዛሬም አምጥታለች፤ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣህ ይዣት እሄዳለሁ።»

መርማሪው በባልደረቦቹ ዘንድ «ጆሮ» የሚባለው ያለምክንያት አይደለም፤ ብዙ ይሰማል፣ ጥቂት ይናገራል። ወንበር ስቦ የወተቱ ብርጭቆ ፊት ተቀመጠ። በብርጭቆው አፍ ዙሪያ የደረቀ የወተት ቆዳ ላይ ዝንቦች ተደራርበው ይልሳሉ። አንዳንዱ ተነስቶ ሬሳው ላይ ያርፍና ተመልሶ ወደ ወተቱ ይመጣል። መርማሪው ዓይኑን ከዝንቦቹ አልነቀለም።

«አዛዥ፣ ዝንቦቹን አየሃቸው?»

«ዝንብ ደግሞ ምኑ ይታያል?»

«ከጠዋት ጀምሮ እየላሱ ነው። አንድም የሞተ የለም።»

«ታዲያ ፍርድ ቤት ዝንብ ልታስመሰክርልኝ ነው?» አለ አዛዡ።

ልጅቷ ግቢው ውስጥ የቧንቧው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። በመጪው ሐሙስ የሥነ ፈለክ ትምህርት ልትጀምር ወደ ሩቅ ከተማ መሄዷ ነበር፤ ሻንጣዋ ተዘጋጅቷል። መምህሩ ቴሌስኮፑን ሸጦ ነው መሳፈሪያዋን የሞላላት።

«ስለ ሞቱ ኮከቦች ይነግርሽ ነበር?» አላት መርማሪው።

ጥያቄው አስደነገጣት፤ ከጠዋት ጀምሮ የተጠየቀችው ስለ ወተት ብቻ ነበር። «ሁልጊዜ። ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲሞት አንዳንዱ ተጨማድዶ አንድ ከተማ የሚያህል ኳስ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሬሳዎች ሲሽከረከሩ ትንሽ በትንሽ እየተቀራረቡ አንድ ቀን ይላተማሉ። ወርቁ፣ ፕላቲነሙ፣ ከባድ ከባዱ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይሠራና ጠፈር ላይ ይበተናል። አቧራው ከብዙ ዘመን በኋላ ተሰብስቦ መሬት ሆነ፤ እኛም ቆፍረን አገኘነው።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አጎቴ ‹ፈጣሪ እንደ ወንድሜ ነው፤ አንዲት ብናኝ አይጥልም› ይልና ይስቅ ነበር።»

መርማሪው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማስታወሻው ላይ ጻፋት። ከዚያ ወረቀቱን ገልጦ ጥርሷን አሳያት። ልጅቷ ገና ስታያት ፊቷ ተለዋወጠ።

«የአያቴ ናት። አባቴ ነው የሠራላት። ይቺ ጎኗ ላይ ያለችው ጭረት… ግን አያቴ ከሦስት ወር በፊት ሆስፒታል ሞታ ተቀብራለች።»

«ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን።»

ታላቅየው አንጥረኛ ሰባ ሊሞላው ነው፤ ጀርባው ከመጉበጡ በቀር ጠንካራ ሰው ነው። መርማሪው መሥሪያው ውስጥ አገኘው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ማቅለጫ ሸክላዎች፣ በየልካቸው የተደረደሩ ሞረዶች፣ ለወርቅ ቅብ የሚያገለግለው መርዛማ ጨው ያለበት ቁም ሣጥን። መደርደሪያው ላይ ባለው ትሪ አምስት የሻይ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፤ ትሪው ላይ ያረፈው አቧራ ግን ስድስት ክብ ምልክት አለው። ግድግዳው ላይ በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚገነጠልለት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። «ሰኞ» ይላል።

«ዛሬ እዚህ ሥራ ነበር፣ ጋሼ?»

«እሁድ? አርባ ዓመት ሙሉ እሁድ ከፍቼ አላውቅም፣ ልጄ። ቅዳሜ ማታ እንደቆለፍኩት ነው። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ከሚስቴ ጎን ተኝቼ ነበር፤ ጠይቃት።»

«ወንድምዎን የሚጠላ ሰው ነበር?»

«እሱን ማን ይጠላል? ሰማይ ሰማይ ሲያይ የኖረ ሰው።» ትንሽ አሰበና፣ «ከልጅቷ ጋር ግን ሰሞኑን ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ» አለ።

መርማሪው አመስግኖ ሊወጣ ሲል ሽማግሌው ሳያስበው እጁን ዘረጋ። «ጫማህን እዚያ ምንጣፍ ላይ አራግፍ።»

«ሌላ ቤት ሲገባ ነው የሚራገፈው።»

«እዚህ ሲወጣ ነው። የወርቅ ብናኝ በጫማህ ይዘህ ትሄዳለህ።»

መርማሪው ጫማውን እያራገፈ ሳለ የጠፋበት ዓረፍተ ነገር ከነድምፁ ተመለሰለት። *ይልቅ እግርህን አንሳ፣ ወለሉን ልጥረግ። እዚህ ወለል ላይ የወደቀ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ አይጣልም።*

የአንጥረኛው ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ ደግማ ታጥፋለች።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከጎኔ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ አራት። ነገርኩህ እኮ፣ ወንድሜ።» አልነገረችውም ነበር፤ ገና አሁን መጠየቁ ነው።

የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ማታ ከወርቅ ቤቱ ሲወጣ ጎረቤት ያየው የሆስፒታሉ ሬሳ ክፍል ሠራተኛ። ፖሊሶች ከቤቱ አመጡት። ፈገግታ የማይለየው፣ የመድኃኒት ሽታ ልብሱ ላይ የቀረ፣ ጥፍሮቹን በጣም ያሳደገ ሰው ነው። ጥርሷን ሲያይ ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

«እሺ፣ የጥቂት ወር እያጠራቀምኩ አመጣለታለሁ። ብዙ ጊዜያችን ነው። ጥርስ ለሬሳ ምን ያደርግለታል፣ ጌታዬ? አፈር ሊበላው። እሳት ውስጥ ከገባ የማን እንደነበር ወርቁም አያስታውሰው።»

«በምን ነው የምትነቅለው?»

«በጉጠት። ግን እኮ አያማቸውም» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

መርማሪው በመስኮቱ በኩል ለጥቂት ጊዜ ውጭ ውጭውን አየ። በውስጡ አጭር ጸሎት አደረሰ፤ ለሟቾቹ ይሁን ለራሱ ትዕግሥት አልለየውም። ከዚያ ዞሮ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ብርጭቆ ቢሰበርብህ ስብርባሪውን ምን ታደርገዋለህ?» አለው።

«ምን አደርገዋለሁ? እጥለዋለሁ እንጂ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም መሥሪያው ውስጥ ተሰበሰቡ። አንጥረኛው የዘወትር ወንበሩ ላይ፣ ሚስቱ በሩ አጠገብ፣ ልጅቷ ከአዛዡ ጎን፣ የሬሳ ክፍሉ ሰው ግድግዳ ተደግፎ። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፈ።

«ወተቱን እንተወው» ብሎ ጀመረ። «መርዝ ቢኖርበት ዝንቦቹ በረገፉ ነበር። መምህሩ ሌላ ነገር ጠጥቷል። በምን? ትሪው ላይ የስድስት ብርጭቆ ቦታ አለ፤ ብርጭቆዎቹ አምስት ናቸው።»

«ከጠፋ ቆይቷል» አለ አንጥረኛው።

«ምልክቱ ላይ አቧራ አላረፈም፣ ጋሼ።» ወደ ግድግዳው አመለከተ። «ዛሬ እሁድ ነው። የቀን መቁጠሪያው ሰኞ ይላል። የዛሬን ቅጠል ዛሬ የገነጠለ ሰው አለ። ልጄ፣ አባትሽ ሥራ ሲጨርሱ ምን ያደርጋሉ?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። «ወለሉን ይጠርጋል። ጥራጊውን ጠረጴዛው ሥር ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል። የዕለቱን ቅጠል ገንጥሎ ላዩ ላይ ያለብሰዋል፣ የየቀኑ እንዳይቀላቀል። በዓመቱ መጨረሻ አቃጥሎ ብናኙን ያወጣዋል።»

መርማሪው ቆርቆሮውን ከጠረጴዛው ሥር ሳበው። ክዳኑን ሲከፍት ከላይ የታየው በቀይ ቀለም «እሁድ» የሚል ቅጠል ነው። በጥንቃቄ አንስቶ ከሥሩ ያለውን አንሶላው ላይ ዘረገፈ። የብርጭቆ ስብርባሪ፣ የሻይ ቅጠል፣ በሻይ ርሶ የጓጎለ አቧራ። ከዚያ በታች በጥቁር «ቅዳሜ» የሚል ሌላ ቅጠል፣ ከሥሩም ንጹህ የሞረድ ብናኝ።



«ገዳዩ ብርጭቆውን ጠርጎ ወንዝ ሊጥለው ይችል ነበር፤ መንገድ ላይ ሊጥለው ይችል ነበር። እጁ ግን ከዚህ ወለል የተነሳ ነገር መጣል አያውቅም። ሐሳቡ ሬሳው ላይ ሆኖ እጁ የለመደውን ሠራ፤ ጠረገ፣ ደፋ፣ ቅጠል ገነጠለ፣ አለበሰ።»

«እኔ ልሂድ እንግዲህ» አለ የሬሳ ክፍሉ ሰው።

«አንተ አልገደልክም። አንተ የምትጠየቅበት ሌላ ነው፤ ባለህበት ቁም።» ወደ ቤተሰቡ ዞረ። «የቆርቆሮውን ሥርዓት የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ። ጋሼ፣ እስከ አራት ሰዓት ከባለቤትዎ ጎን ነበርኩ ብለዋል።»

«ነበርኩ።»

«እንደዚያ ከሆነ እሳቸውም ከእርስዎ ጎን ነበሩ። የምትቀረው አንድ ሰው ናት።»

አዛዡ የልጅቷን ክንድ ያዘ። ልጅቷ አልታገለችም፤ አባቷን ብቻ ታያለች። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ «ወተቱን ያመጣችው እሷ ናት። እኔ ምን ልበል?» አለ።

መርማሪው በሥራ ዘመኑ ብዙ ክፉ ነገር ሰምቷል። ይህን ያህል አፉን የመረረው ግን አልነበረም። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ሚስትየዋ ሄደ፤ በእጇ አስያዛት።

«እትዬ፣ ይህ ከመምህሩ ምላስ ሥር ነው የወጣው። ትናንት ይህ ሰው ካመጣቸው ጥርሶች መካከል ጠረጴዛው ላይ መምህሩ አይቷት አነሳት። ዛሬ ጠዋት እዚህ መሥሪያው ውስጥ ወንድሙን ሲጋፈጠው ‹ሻይ እየጠጣን እንነጋገር› ተባለ። መመረዙ ሲገባው ኪሱ እንደሚፈተሽ አወቀ። ከማቅለጫው ሊያድናት አፉ ውስጥ ደበቃት። ገዳዩ ኪሱን ፈትሾ አጣት፤ ሬሳውንም በውስጥ በር ወስዶ አልጋው ላይ አስተኛው።»

ሴትየዋ ጥርሷን ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። አውራ ጣቷ በራሱ ጭረቷን አገኛት። አማቷ አልጋ ላይ በነበሩበት ሁለት ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋታለች።

«እማማ» አለች በዝግታ። ከዚያ ለባሏ፣ «ስትገዛ አውቀሃታል?»

አንጥረኛው ጠረጴዛው ላይ የወደቀች ብናኝ በጣቱ አነሳ።

«የሠራሃት አንተ ነህ። አውቀሃታል ወይ?»

«ወርቅ ወርቅ ነው» አለ ሽማግሌው።

ሴትየዋ መሐረቧን አውጥታ ጥርሷን ጠቀለለች። ልጇ ጋ ሄዳ የአዛዡን እጅ ከክንዷ ላይ አነሳችው፤ አዛዡም ለቀቀ። ከዚያ ለባሏ ጀርባዋን ሰጥታ መርማሪው ፊት ተቀመጠች።

«ይቺን መቃብሯ ድረስ ወስጄ አብሬ እቀብራታለሁ። አትከለክሉኝም?»

«መዝገቡ ሲዘጋ በእጅዎ አስረክብዎታለሁ።»

«እንግዲያው ጻፍ፣ ወንድሜ፤ እፈርማለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ስነቃ አልጋው ባዶ ነበር። ሲመለስ እጁ እርጥብ ነበር። ‹ከጎንሽ ነበርኩ በይ› አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩት።»