ለረጅም እግር የታሰረ ወንበር

«እጅሽ ወንበሩ ሥር ገባ?» አለ የልጅቷ አጎት ከመኪናው ውጭ ሆኖ።

«ገባ። ቡሎኑ ግን አይታየኝም።»

«አይታይም፤ በጣትሽ ፈልጊው። የእኔ እጅማ ለዚህ መኪና አልተፈጠረም። ሆዴንማ ተይው!»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደነገጠች። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እዚህ ጋራዥ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም።

መኪናዋ የእሱ ናት። መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ለሁለት ሰው እንኳ የምትጠብ የስፖርት መኪና። የድሮ ወንበሮቿን አውጥቶ ጣለና የእሽቅድምድም ወንበሮች ገዛላት፤ ሳይገጥማቸው ሕመም ጣለው። ወንበሮቹ ከነላስቲካቸው አልጋው አጠገብ ከረሙ። በመጨረሻ እናቷ፣ «ይገጠሙ። ነገ ሥራ የምሄደው በእሷ ነው፤ ቆማ ከምትበሰብስ» አለች።

እንዲህ ያለ ወንበር ወደፊትና ወደኋላ አይንሸራተትም። መጀመሪያ ውጭ ከጎን ብረቶቹ ጋር በቀዳዳዎቹ፣ ለረጅም እግር በኋለኛው፣ ለአጭር በፊተኛው፣ ይታሰራል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይወርዳል። አንዴ ከገባ በሩና ማርሹ መሀል ጥብቅ ስለሚል የጎኑን ቡሎን የሚነካ ጣት የለም።

ጠዋት አጎቷ ብረቱን ይዞ፣ «ሚጢጢ፣ እናትሽ የትኛው ቀዳዳ ላይ ይታሰር አለች?» ብሏት ነበር።

«የመጨረሻው።»

እናቷ ግን ስለ ቀዳዳው ምንም አላለቻትም ነበር። የመጨረሻው የወንድሟ ነው፤ እግሩ ምሰሶ ያህል ነበር። የእሱ ልክ እዚያ ካለ፣ የሆነ ቀን በሩን ከፍቶ የሚቀመጥበት ያለ ለልጅቷ ይመስላታል። አጎቷ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና አሰረው።

ልጅቷ ወንበሩን ከወለሉ ጋር የሚያስረውን የመጨረሻ ቡሎን እንዳጠበቀች፣ እናቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«በሉ እስቲ ልየው። ወይ ጉድ! ይሄ ወንበር ነው ገንዳ?» እየተንፏቀቀች ገባች። ግራ እግሯን ዘረጋች። የጫማዋ ጫፍ ፍሪሲዮኑን ነካ እንጂ አልረገጠውም። ወደታች ስትንሸራተት መሪው ዓይኗ ላይ መጣ።

«ግድ የለም፤ ከኋላዬ ትራስ አደርጋለሁ።»

«እቴ፣ ትራስ ይንሸራተታል። ፍሬን መያዝ ቀልድ አይደለም» አለ አጎቷ። «ቆይ፣ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

እናቷ መሪውን እንደያዘች ልጇን አየቻት። ልጅቷ የቡሎን መፍቻውን በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ተሳስቼ ነው።»

 አጎቷ በጨርቅ ጣቱን መጥረግ ጀመረ፤ የተጠረገውን ጣት ደግሞ ጠረገው።

«አላልሽም» አለች ልጅቷ።

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ።

«አንቺ አላልሽም፣ እማዬ። እኔ ነኝ።» ወደ በሩ ጠጋ አለች። «ውረጂ እስቲ።»

«አሁን እንደገና ልናወጣው ነው?» አለ አጎቷ። «ወገቤ መስክሪ!»

ልጅቷ በደረቷ ተኝታ እጇን ወንበሩ ሥር ከተተች፤ አሁን ቡሎኖቹ ያሉበትን ጣቶቿ ያውቁታል። ወንበሩ ሲወጣ የጋራዡ ወለል ላይ አስቀመጡት። የጎኑን ቡሎን ፈትታ መዳፏ ውስጥ ያዘችና ተንበረከከች።

«ተቀመጪበት፣ እማዬ» አለች። «እግርሽን ዘርጊ። ልለካሽ።»