ሱንዱስ የበየደችው መብራት

ሱንዱስ ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ሐይቅ ከተማ፣ ከሚኒባስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ስልክ ትጠግናለች። የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው አሕመዲን ግን ሱቋ የገባው ስልክ ይዞ አልነበረም፤ ለውጫሌ የታሰበውን የገበያ አዳራሽ ከካርቶን አሳንሶ የሠራውን ሞዴል ታቅፎ ነበር።

«መብራት ታስገቢልኛለሽ?»

«እንደምነግርህ ካደረግህ።»

ሦስት ሳምንት አብረው ሠሩ። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡትን የኤልኢዲ አምፖሎች በየክፍሉ ስትበይድ፣ ለእያንዳንዱ የሚመጥነውን፣ ኃይል የሚቀንስ ሬዚስተር አያያዘችለት። የተላጠውን ሽቦ ሁሉ ሸፈነች።

«ይቺ ትንሽ ነገር ከሌለች አምፖሉ ይግላል፤ ካርቶኑም ይያያዛል» አለችው።

እሱ ጣቶቿን እንጂ ሬዚስተሩን አላየም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

ውጫሌ ላይ ሞዴሉ በሕዝብ ፊት በበራ በአሥር ደቂቃው ጨሰ። ጣሪያው ተያያዘ። ሊያጠፉ የሞከሩ አንድ አዛውንት እጃቸውን ተለበለቡ።

«ማን ነው ይሄን መብራት የሠራው?» ብለው ጮኹ የገበያ አዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ አራጋው።

«ሐይቅ ያለችው ስልክ ጠጋኟ ናት» አለ አንዱ።

አሕመዲን አንገቱን ደፋ። ቃል አልተነፈሰም።

ወሬው ቀድሞት ሐይቅ ገባ። በማግስቱ ሁለት ደንበኞች ስልካቸውን ሳያሠሩ መልሰው ወሰዱ። ሱንዱስ በባጃጅ አሕመዲን ቤት ሄደች፤ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ የተቃጠለውን ሞዴል ገልብጣ አየችው።

«ሬዚስተሮቹ የት አሉ?»

«ብርሃኑ ደብዘዝ ቢልብኝ… ነቀልኳቸው። የሞተር ሳይክል ባትሪ አገናኘሁበት።»

«ተሳሳትክ፤ ሰው ይሳሳታል። ስሜን ሲያነሱ ግን ምላስህን ምን ቆለፈው?»

«ፈራሁ።»

«እኔ በሰው አገር አራት ዓመት ፈርቼ ኖሬአለሁ! ባገሬ ደግሞ አንተ አንገቴን ታስደፋኝ?»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ሱንዱስ፣ እኔ…»

«አብሽሪ አትበለኝ!»

በሩን ወርውራው ወጣች። ባጃጁ ውስጥ ግን አለቀሰች። ከሞዴሉም ከወሬውም ይልቅ ያናደዳት፣ ከእሱ ሌላ ማንም ሰው እንዲህ ሊያናድዳት እንደማይችል ማወቋ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አሕመዲን ውጫሌ ተመለሰ። አቶ አራጋውና ሰዉ በተሰበሰቡበት፣ «እሷ በትክክል ሠርታው ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ» አለ። የተለበለቡትን አዛውንት ቤታቸው ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠበት። ለሱንዱስ አልደወለላትም፤ የሰማችው ከሰው ነው።

ከወር በኋላ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ሀሚድ ወደ ጓዳ ገብተው ጠሯት።

«ስምሽን ያጠፋው ልጅ ነው። ምን ልበላቸው?»

«ያጠፋውን ራሱ አቅንቶታል፣ አባ።»

«እሺ ልበል እንግዲያ?»

ሱንዱስ ፊቷን አልፈታችም።

«እሺ በላቸው። ግን ወላሂ ገና አልበረደልኝም፤ ከረመዳን በኋላ ይምጡ።»