ከሞተሩ ሥር የቀረው ቀይ ቀለም

ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ ጓጉንቸር ተሰብሮ ተገኘ። የውሃ መሳቢያው ሞተር የለም።

ሞተሩ በደብረ ኤልያስ አቅራቢያ ያሉ አሥራ ሁለት ገበሬዎች በማኅበር የያዙት ነበር። ወሩ የካቲት ነው። ሽንኩርቱና ድንቹ ያለዚያ ሞተር ውሃ አያገኝም።

ሳጅን እስከዳር ከወረዳው ፖሊስ መጣች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ጀምበሩ በር ላይ ጠበቋት። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ምልክት አለው?»

«አለው። ዕቃችን ከጎረቤት ማኅበር ዕቃ ጋር እየተቀላቀለ ስላስቸገረን፣ ቅዳሜ ሁሉንም በቀይ የመኪና ቀለም አስቀባን። በውሃም በናፍጣም አይለቅም።»

«ማን ቀባው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሰበሩ። «ዘመነ።»

ዘመነ ባለፈው ወር በውሃ ተራ ተጣልቶ «ድርሻዬን ስጡኝና ልውጣ» ብሎ ነበር። ቤቱ ሲፈተሽ ግማሽ ጣሳ ቀይ ቀለም ተገኘ። ጥፍሩም ቀይ ነው።

«ሞተሩን የት አደረስኸው?»

«አልነካሁም።»

«ቀለሙስ?»

«የተረፈ ነው። ለማረሻውና ለአካፋው ቀብቼ የተረፈ።»

«ሞተሩን ስንት ቦታ ቀባኸው?»

«ሦስት። ሁለቱን ጎን፣ ደግሞ ገልብጬ ከሥሩ።»

እስከዳር መልሱን ጻፈች። አላሰበችበትም። ዘመነን አሰረችው።

ሐሙስ ዕለት፣ ከመንደሩ ወጣ ባለ መንገድ ዳር ድንጋይ የሚያወጡ ሰዎች ከአንድ አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ሞተር አገኙ። እስከዳር መካኒክ ይዛ ሄደች። የሁለቱም ጎን ቀለም በመጋዝ ምላጭ ተፍቋል። መካኒኩ ሞተሩን ገለበጠው።

ከሥሩ ቀዩ ቀለም እንዳለ አለ።

መካኒኩ ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ያለ ዘይት ሲሠራ ነክሷል፤ አይዞርም። ይህን የሰረቀ የለም። የሰበረው ሰው ነው የደበቀው።»

እስከዳር ማስታወሻዋን ገለጠች። ገልብጬ ከሥሩ። ዘመነ ቢሆን ኖሮ፣ በገዛ እጁ የቀባውን ከሥር ሳይፍቅ አይተውም ነበር። መልሱ አራት ቀን ሙሉ ኪሷ ውስጥ ነበር። ፊቷ ጋለ።

ሞተሩን ማን እንዳስነሣው ለማወቅ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄደች። የሁሉም ድንች ጠውልጓል። አንድ ማሳ ብቻ ለምልሟል።

«ይህ የማን ነው?» ስትል በአጠገቡ የምትኮተኩተውን ሥራነሽን ጠየቀቻት።

«የጋሽ ጀምበሩ።»

«ተራቸው መቼ ነበር?»

«ተራቸውስ ገና ነበር።»

«እሑድ ማን አጠጣ?»

«ኧረ እሑድ ውሃ አይሳብም! ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ነበርን። እሳቸው ብቻ አሞኛል ብለው ቀሩ።»

አቶ ጀምበሩ እስከዳርን ሲያዩ ከመደባቸው አልተነሡም።

«አቶ ጀምበሩ፣ ሞተሩ ተገኝቷል።»

«አውቃለሁ። ሰምቻለሁ።»

«እሑድ ድንችዎን አጠጡ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ድንቹ ሲጠወልግ አላስችል አለኝ። ዘይቱን ሳላይ አስነሣሁት፤ ማሳው ጠጥቶ ሊያበቃ ሲል ጮኸና ቀጥ አለ። ከተራው ውጭ ያጠጣ ከማኅበሩ ይውጣ ብዬ ያስወሰንሁት እኔው ነኝ። እኔ ደግሞ በሰንበት፣ ሰው ሲያስቀድስ! ምን ብዬ እናገራለሁ? ቀለሙን ፍቄ፣ በአህያ ጭኜ ወስጄ ጣልሁት። ሌባ የገባ እንዲመስል ጓጉንቸሩንም ሰበርሁት።»

«ዘመነስ?»

አሁን ከመደባቸው ተነሡ።

«ስሙን ስነግርሽ ምን እያደረግሁ እንደሆነ አውቄው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ልናገር እወጣለሁ። ወንዙ ጋ ስደርስ እመለሳለሁ። ልጄ፣ እህል አልቀመስሁም። ውሰጂኝ።»

ወሰደቻቸው። ዘመነ የታሰረበትን ክፍል በር ራሷ ከፈተች። ሰውዬው ጫማውን እስኪያስር ቆማ ጠበቀች።

«ነግረውኝ ነበር» አለች። ከአንተ ወደ እርስዎ መሻገሯን ራሷም አላስተዋለችም። «አልሰማሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዘመነ ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም፤ ይህ ደግሞ ባሰባት።

«እኔስ ወጣሁ። ልጄን ግን ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ እያሏት ነው። ባለቤቴ ስንቅ ስታመጣ ነገረችኝ። እኔ ብነግራቸው ማን ያምነኛል?»

አርብ ጠዋት ሳጅን እስከዳር የደንብ ልብሷን ለብሳ ሦስተኛ ክፍል ገባች። ተማሪዎቹ ተነሡ። የዘመነ ልጅ የብርጓል ከኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ናት።

«ተቀመጡ» አለች እስከዳር። «ሰኞ ዕለት የየብርጓልን አባት ያለ ጥፋቱ ያሰርሁት እኔ ነኝ።»