የሎሎ ሲልቬርዮ ትልቅ ቴሌቪዥን

የሰፈሩ ሁሉ አያት ስለነበሩ «ሎሎ» የሚባሉት ሲልቬርዮ የሞቱት ከቴሌቪዥናቸው ሥር ነው። ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶው ደረጃ ጋር ተጋጭቷል። ቀኝ እጃቸው ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኘውን ገመድ ጨብጧል፣ ግራ እጃቸው ላይ ሰዓት ታስሯል፤ አጠገባቸው በርጩማ ተገልብጧል። የዱማጌቴ ከተማ ፖሊሶች ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፦ ሽማግሌው ገመድ ሊሰኩ ወጡ፣ ወደቁ፣ አለቀ።

ሐኪሙ ግን ሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የጣት ምልክት አገኘ። ከዚያ ወዲያ የሰው ሁሉ ዓይን ሊዋይዋይ ላይ አረፈ። ሎሎ ይህችን ወላጅ አልባ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳድገዋል፤ ቤታቸውንም ለእሷ እንደሚያወርሱ ይናገሩ ነበር። የልጅ ልጃቸው አርኔል ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሕይወት ትቷቸው እንደወጣ ቃሉን ሰጠ። ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሊዋይዋይ ብቻ ናት። ከቀብሩ መልስ እንደምትታሰር ያላወቀ አልነበረም፤ እሷም አውቃ ለለቀስተኛው ብስኩት ታዞራለች።

ኢንስፔክተር ፔርላ ዱማላጋን የመጣችው ሬሳው ሳሎን በተቀመጠበት፣ ጎረቤቶች እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ ከሳጥኑ አጠገብ ካርታ በሚጫወቱበት ሰዓት ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ በማራገቢያዋ ፊቷን ስታራግብ የምትውል ሴት ናት፤ የቸኮለች አትመስልም። መጀመሪያ የሟቹን እህት እትዬ ኒዳን ስለ ቴሌቪዥኑ ጠየቀቻቸው። ለዘፈን የተገዛ ርካሽ ዕቃ መሆኑን፣ የኮምፒውተሩ የራሱ ስክሪን ከተበላሸና የሎሎም ዓይን ከደከመ ወዲህ ግን ሁሉን ነገር በእሱ ብቻ ያዩ እንደነበር ነገሯት። ገመዱን ሰክታ አየችው። ምስሉ ከመስታወቱ የሰፋ ይመስላል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማር አለ።

አርኔል ለባሕር ማዶ ደንበኞች ሌሊት ሌሊት ስልክ የሚመልስ ወጣት ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን በምን አወቅክ?» አለችው።

«ስክሪኑ ላይ አየሁታ፣ ማም። እታች፣ ቀኝ ጥግ ላይ። ፈረቃዬ መቼ ያልቃል እያልኩ እኮ እሱን ጥግ ሳይ ነው የማድረው።»

«ሎሎስ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ፎቶ ያያሉ። ዞር ብለውም አላዩኝ።»

ሊዋይዋይን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀቻት፤ ሎሎ እጃቸው ላይ ሰዓት ያስሩ እንደሆነ። «ያሳክከኛል ይላሉ፣ ማም» አለች ልጅቷ፤ ባዶውን ሚስማርም አሳየቻት። ፔርላ ማራገቢያዋን አጠፈች።

በቀብሩ ዕለት ሳጥኑ ከመውጣቱ በፊት አርኔልን፣ ሊዋይዋይንና እትዬ ኒዳን ቴሌቪዥኑ ፊት አቆመቻቸውና ገመዱን ሰካች።

«አርኔል፣ ሰዓቱን አንብብልን።»

አርኔል ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ አየ። ምንም የለም። ካርታ ተጫዋቾቹም አንገታቸውን አስግገው ፈለጉ።

«ይሄ ቴሌቪዥን የኮምፒውተሩን ምስል ለጥጦ ጠርዙን ይቆርጠዋል» አለች ፔርላ። «ሰዓቱ ያለበት ጥግ እዚህ ቤት ታይቶ አያውቅም።»

«እንግዲያው... እጃቸው ላይ ያለውን ይሆናላ ያየሁት።»

«እጃቸው ላይ አስረው አያውቁም። ስክሪኑ ስለማያሳያቸው የእጅ ሰዓታቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቅለው ነው የሚያዩት። ሲገፈተሩ አብሮ ወደቀ። መሬት ላይ ያገኘው ሰው ከእጃቸው የወለቀ መሰለውና መልሶ አሰረላቸው፤ በርጩማውን ገለበጠ፣ ገመዱን አስጨበጠ። ሊዋይዋይ ብትሆን ሚስማሩ ላይ ትሰቅለው ነበር። እትዬ ኒዳም እንዲሁ። ቦታውን የማታውቀው አንተ ነህ፤ እዚህ ቤት አረፍ ብለህ አታውቅማ። የመጣኸው ከዘጠኝ በፊት ነው፤ ሊዋይዋይና እትዬ ኒዳ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ምግብ ሲያዘጋጁ። ዘጠኝን የመረጥከው ሊዋይዋይ የተመለሰችበት ሰዓት ስለሆነ ነው።»

አርኔል ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ግን እትዬ ኒዳ እያዩት ነበር። በመጨረሻ ወለሉን እያየ ተናገረ። «ቤቱን ለባዕድ አልሰጥም በሉኝ ብዬ ለመንኳቸው። ባዕዱ አንተ ነህ አሉኝ። ያዝኳቸው... ከዚያ ወደቁ።»

ሊዋይዋይ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሷን ለማዳን አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። አሁን ቀረበችው።

«ስትወጣ ሞተው ነበር?»

ፊቱን አዞረባት። እትዬ ኒዳ ትከሻውን ያዙት፦ «መልስላት።»

«አልሞቱም» አለ። «ይጠሩሽ ነበር።»

በዚያን ቀን ሊዋይዋይ ከአዳራሹ ስትመለስ አቋራጩን መንገድ ትታ በባሕሩ ዳር ዞራ ነበር የመጣችው፤ ነፋሱ ደስ ብሏት። ይህን ለፖሊስም ለማንም አልተናገረችም፤ የጠየቃትም አልነበረም። ፔርላ አርኔልን ይዛ ወጣች፤ ሰዉም ግልብጥ ብሎ ተከተላቸው። ነጻነቷን ያገኘችው ልጅ ብቻዋን ቀረች። ከሳጥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና በቀስታ፣ ከጓዳ ሆና እንደምትመልስላቸው፣ «አቤት፣ ሎሎ» አለች።